የደሴ ሴቶች ወገብ

ጠያቂው ጎህ ሲቀድ ይጠይቃል። ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሆኖ፣ የዘመድ በሚመስል ድምፅ «እንዴት አደሩ?» ይላል። ሄራን በዚያ የጳጉሜን ማለዳም እንደ ወትሮዋ አንድ እጇን ጠረጴዛው ላይ ደገፍ፣ እግሮቿን ገጠም አድርጋ ቆመችና «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው። ጠያቂው አመሰገናትና ዝም አለ። ደህና ተብላ ተመዘገበች።

ሌላ ሴት ብትሆን ይህ ወሬ ሆኖ አይነገርም ነበር። ሄራን ግን የደሴ ከተማ የስሞታ መምህርት ናት። ሥራዋ በአጭሩ ሲነገር፣ ሰው ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» እንዳይል ማስተማር ነው። ሠፈርተኛው «እትዬ ስሞታ» ይላታል። በእናቶቻችን ዘመን ሄራን የሕፃን ስም ነበር፤ አሁን ሄራኖችና ሶሊያናዎች ሁሉ ሽበት አብቅለዋል፣ ወጣቶቹ ደግሞ ተመልሰው እነ ወልደሚካኤልና እነ አስካለማርያም ሆነዋል። ጊዜ እንዲህ ነው የሚጫወተው።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ ሰው እንናገረው። መንግሥት ሕክምናን ብቻዬን አልቻልኩትም ብሎ ለዓለም ከከፈተ ወዲህ፣ በየከተማው መሀል አንድ አዳራሽ አለ፤ በአዳራሹ ዙሪያ ደግሞ በሮች። እያንዳንዱ በር የአንድ አገር ነው። ከበሩ ወዲያ ሐኪሙ የሚገኘው፣ ወረፋው የሚያዘው፣ ወጪው የሚሸፈነው በዚያ አገር ደንብ ነው። ቤተሰብ በአምስት ዓመት አንዴ፣ ጳጉሜን ሲገባ፣ በሩን ይመርጣል። ስለዚህ ደሴ ተቀምጦ እንግሊዝ መታመም ይቻላል። ጎረቤቱ ጀርመን ይታመማል፣ ፊት ለፊት ያለችው መበለት ኩባ ታስላለች፤ ሲመሽ ግን ሁሉም በአንድ ሠፈር፣ በአንድ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ውስጥ ያድራል።

የደሴ ሰው በሮቹን እንደ አማት ነው የሚያማቸው። በእንግሊዝ በር የገንዘብ ነገር አይነሳም፣ ከግብር ተከፍሎ አልቋልና፤ የሚነሳው የወረፋ ነገር ነው። ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሠፈር ጉልበቱን ለማስቀየር ወረፋ ይዞ፣ ልጁን ድሮ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ አሁንም የሚጠብቅ ሰው አለ ይባላል፤ ማጋነን ሳይኖርበት አይቀርም። በጀርመን በር ሠራተኛውና አሠሪው ያዋጣሉ፣ ያዋጣም ይታከማል፤ ለቀጠሮው የዘገየ ግን የሚሰማው ተግሣጽ ከሕመሙ ይብሳል። የአሜሪካው በር ከሕመምህ በፊት የመድን ካርድህን ይጠይቅሃል። ካርዱ ደግ ከሆነ በዓለም የሌለ ሕክምና ታገኛለህ፤ ክፉ ከሆነ የሚመችህ ወንበሩ ብቻ ነው። በጃፓን በር ደግሞ ሳትታመም ትጠራለህ፤ በየዓመቱ ሆድህን በሜትር ይለኩሃል፣ ቦርጭ ካለህ ያዝኑብሃል። የኩባው እንዲያውም በር አይባልም። ሐኪሙ ራሱ ቤትህ ይመጣል፣ ድስትህን ከፍቶ ጨው አብዝተሃል ይልሃል። የመጨረሻው የእኛው የሠፈር በር ነው፤ እድር ማለት ነው። የታመመ ሰው ድንኳን ውስጥ ጎረቤቱ ፊት ቆሞ ሕመሙን ይናገራል፣ ሠፈሩም ይመክራል፣ አዋጥቶም ያሳክማል።

በሮቹ ሁሉ የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ መጠየቅ ነው፤ ጠያቂውን በየቤቱ ግድግዳ የሰቀሉትም ለዚሁ ነው። የደሴ ሰው ደግሞ የሚስማማበት አንድ መልስ አለው። በሮቹ የተከፈቱ ሰሞን ክርስቲያኑ «ተመስገን»፣ ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ» እያለ ጠያቂውን ሸኘው። እግሩ የተሰበረ ሰው ሳይቀር ቃሬዛ ላይ ተኝቶ «እኔ ደህና ነኝ፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ? ቤተሰብ ደህና?» ይል ነበር። በየአገሩ ሆነው መልሱን የሚያነብቡት ሰዎች ደሴ በዓለም አንደኛ ጤነኛ ከተማ ናት ብለው ደመደሙ። ሐኪሞቻቸውን ሊያነሱ ሲሰናዱ ነው የስሞታ ትምህርት ቤት በአዳራሹ ጀርባ የተከፈተው።

ሄራን ጎበዝ መምህርት ነበረች፤ ይህን ማንም አይክድባትም። «እንግሊዝ በር ስትቀርቡ ይቅርታ ብላችሁ ጀምሩ፣ ሕመሙን ግን አታሳንሱት። ጀርመን በር መቼ እንደጀመራችሁ አትሳቱ። አሜሪካ በር ‹ትንሽ› የምትል ቃል ከአፋችሁ እንዳትወጣ። ኩባ በር ሐኪሟን ምሳ ብሉ ብላችሁ ነገሩን እንዳታስረሱ» ትላለች። ከዚያ እሷ ትላለች፣ ተማሪዎቹ እንደ ዜማ ተቀብለው ይደግማሉ። የምታስለማምዳቸው ስሞታ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ወገቤን ያመኛል። ጎንበስ ስል ይብሳል። ሲመሽ አያስቆመኝም።» ወገብን የመረጠችው ማንንም ስለማያሳፍር ነው። ወገብ የሌለው ሰው የለም፣ ወገብ ያመመው ሰውም አይታማም።

እሷ ራሷ ግን ወገቧ ደህና ነበር። ማህፀኗ ነው የወጣው።

ሁለት ክረምት አልፎታል። በመጀመሪያ ከበድ ያለ ነገር ስታነሳ ብቻ ነበር፤ በኋላ ስትስል፣ ስትስቅ፣ ብዙ ስትቆምም መጣ። መታጠቢያ ቤት ገብታ በእጇ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ሽንቷ ሳታስበው ያመልጣታል፤ ስለዚህ ጨርቅ ደራርባ ትውላለች፣ ሽታው እንዳይታወቅባትም የትም ብትገባ መስኮት አጠገብ ትቀመጣለች። ለቅሶ ቤት መሄድ ትታለች። ከባሏ፣ ከአውቶቡስ መካኒኩ ከናሆም ጋር ባንድ አልጋ መተኛትም ትታለች። ለእሱም ያለችው ያንኑ ነው፤ «ወገቤን»። ሕመሙን ትችለው ነበር። ያልቻለችው ሐፍረቱን ነው። ሐፍረቱ አብሯት ይነሳል፣ አብሯት ይተኛል፣ መንገድ ላይ ሰው ጠጋ ሲላት አብሯት ፈቀቅ ይላል።

ያ ጳጉሜን ከሌላው የከፋው በደንቡ ምክንያት ነው። በምርጫው ሰሞን አዳራሹ መሀል ባለው የመናገሪያ መስኮት ላይ ያልተነገረ ሕመም ወደ አዲሱ በር አይሻገርም፤ እስከሚቀጥለው ምርጫ ድረስ እንደሌለ ይቆጠራል። ሄራን ካልተናገረች ሌላ አምስት ዓመት እንዲሁ ልትኖር ነው። በአዳራሹ የማህፀን ክፍል ያለችው ሐኪም ልትቆርጠውና ልትሰፋው የምትችለው ነገር እያለ፣ እሷ ጨርቅ ስትደራርብ ልታረጅ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት በአዳራሹ በር ላይ በትልቁ ተጽፏል። ያስጻፈችው እሷ ናት።

ስለዚህ በጳጉሜን የመጀመሪያዎቹ ቀናት በሮቹን አንድ በአንድ ዞረቻቸው። ለራሷ አላለችም፤ «አንዲት የማውቃት ሴት» አለች። የእንግሊዙ ሐኪም ወጣትና ትሑት ነበር። «ትምጣ፣ ወረፋ እናስይዛታለን። ብቻ መጀመሪያ ራሷ ለጠያቂው ትናገር» አላት። የጀርመኗ ጸሐፊ ሴትዮዋ በየትኛው ወር እንደጀመራት ጠየቀቻትና፣ ሄራን ሳታስበው ወሩን ስትናገር ቀና ብላ አየቻት። ሄራን ቀጠሮ አለብኝ ብላ ወጣች። የጃፓኑ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳትና «ይህን ያህል ጊዜ ለምን ለማንም አልነገረችም?» አላት። እሱ የእውነት አዝኖ ነበር፤ ከቁጣ ይልቅ ኀዘኑ አሳፈራት። የአሜሪካው በር የተመቻት መሰላት። መጋረጃው ወፍራም ነው፣ ክፍሉ ለብቻ ነው፣ ማንም ማንንም አያይም። ከመጋረጃው በፊት ግን ካርድ አለ፣ ካርዱ ላይ ደግሞ የሕመሙ ስም ይጻፋል፣ እንዲህ ያለውን ካርድ ደግሞ የአውቶቡስ መካኒክ ቤተሰብ አያውቀውም። የኩባዋ ሐኪም ሳቀችና ቦርሳዋን አነሳች። «ሴትዮዋ የት ነው ያለችው? አሁኑኑ እንሂድ፣ ነርሷን ልጥራት» አለች። ነርሷ ጎረቤቷ አስካለማርያም ናት። ሄራን ሴትዮዋ ገጠር ሄዳለች ብላ ሸሸች።

የሠፈሩን በር አልጠየቀችም። የእድሩ ዳኛ ባሏ ነው።

ማታ እራት ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ስታስበው የገባት ነገር ቀላል ነበር። ማን ይከፍላል የሚለው ከአገር አገር ይለያያል። ማን ይጠብቃል፣ ማን ወደ ማን ይሄዳል የሚለውም ይለያያል። ሳይናገሩ የሚታከሙበትን በር ግን የሠራ አገር የለም።

«ወገብሽስ ዛሬ እንዴት ዋለ?» አለ ናሆም። ከኋላዋ መጥቶ፣ ራሱ በትርፍ ሰዓቱ ከአውቶቡስ ወንበር የሠራውን መደገፊያ አስተካከለላት።

«ደህና ነው።»

«ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። እኔ የሠፈሩን በር ብንይዝ ነው የምለው። ምን አለ? ከውጭ ሰው የራስ ሰው ይሻላል። ተቀባብረን የኖርን ሰዎች መተካከም ያቅተናል?»

«ድንኳን ውስጥ ሰው ፊት ቆሜ ሕመሜን ልናገር?»

«እንዴ፣ የስሞታ መምህርቷ አንቺ!» ብሎ ሳቀ። «ወገብ ደግሞ ምኑ ያሳፍራል? እኔ ራሴ እናገርልሻለሁ።»

ናሆም ተመልሶ ተቀመጠና ሳህኑን ገፋ፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ «ሄርዬ፣ ቅር አይበልሽና፣ እኔ ያስቀየምኩሽ ነገር አለ እንዴ? ካለ ንገሪኝ። ሁለት ዓመት እኮ ነው» አላት።

«ኧረ ባክህ! ምን ታስቀይመኛለህ? ወገቤ ነው አልኩህ እኮ።»

«እሺ። እግዚአብሔር ይማርሽ እንግዲህ» አለና ተነስቶ የሞቀ ውሃ በጎማ ከረጢት ሞልቶ አመጣላት። ሄራን ጤነኛ ወገቧ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚህ ሰው ደግነት በላይ የሚያሳፍራት ነገር አልነበረም። ይህን ሁሉ ፍቅር ለወገቧ ሰጥታ፣ ለራሷ ምንም አላስቀረችም። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይኸው ነው።

በማግስቱ፣ በጳጉሜን የመጨረሻ ቀን፣ የአዳራሹ ኃላፊ ገና ስትገባ በሩ ላይ ጠበቃት። ወልደሚካኤል የሚባል ቀጠን ያለ ወጣት ነው፤ ደስ ሲለው እጆቹን ማፍተልተል ይወዳል።

«እትዬ ሄራን፣ እንኳን ደስ ያለዎት! የደሴ ሴቶች ወገብ የዓለም መነጋገሪያ ሆኗል።»

«ምን ሆኗል?»

«በየበሩ ከሚናገሩት ሴቶች አብዛኞቹ የሚሉት ወገቤን ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር የትም ታይቶ አይታወቅም። ዳገቱ ነው የሚሉ አሉ፣ ብርዱ ነው የሚሉ አሉ። ለማንኛውም በሮቹ ተባብረው ለከተማችን የወገብ ሕንፃ ሊሠሩልን ነው። ባለሞያ ይመጣል፣ መሣሪያው ሁሉ ይገባል። ይህ የእርስዎ ሥራ ነው። ሲመረቅ እርስዎ ነዎት ሪባኑን የሚቆርጡት።»

ሄራን ለመሳቅ ሞከረች። «ቦታው ከየት ይመጣል?» አለች፣ ዝም ላለማለት ያህል።

«የማህፀን ክፍሉን እናፈርሳለን። ሐኪሟን ከነገ ወዲያ ወደ ሌላ ከተማ እናዛውራታለን። ምን ታድርግ እዚህ? የሚፈልጋት አልተገኘም። የደሴ ሴት ማህፀኗ ጤነኛ ነው» ብሎ እጆቹን እያፍተለተለ ሄደ።

ሄራን እዚያው ግድግዳ ተደግፋ ቀረች። ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ ምን ብላ? ሆድ ይፍጀው ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

ክፍሉ ሞልቶ ነበር። የመጨረሻ ቀን ስለሆነ ቀርተው የማያውቁትም፣ መጥተው የማያውቁትም መጥተዋል፤ ሁሉም ሴቶች ናቸው። ከፊት የተቀመጡት እማማ ኢክራም ናቸው፤ የሳላይሽ ሠፈር ሴት፣ ምላሳቸው ስለታም፣ ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን ሳይቀሩ የተማሩ። ቀድሞ በኩባ በር ወገባቸውን ታክመዋል፣ ከባለፈው ምርጫ ወዲህ ደግሞ በጀርመን በር ለወገባቸው መታጠቂያ ተሰጥቷቸዋል። «ወገቤማ ብረት ሆኗል ወላሂ» ይላሉ፣ ትምህርቱን ግን አይተዉም።

«እንጀምር» አለች ሄራን። «ወገቤን...»

«ኧረ በቃን እቴ!» አሉ እማማ ኢክራም። «ወገብ ወገብ ስንል ከረምን። ሌላ ምሳሌ የለሽም? ሰው ወገብ ብቻ ነው እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሄራንም ልትስቅ ቀና ስትል፣ እማማ ኢክራምን አየቻቸው። ክረምቱን ሙሉ አይታቸዋለች፤ ያን ቀን ግን አስተዋለቻቸው። በአንድ ጎናቸው ነው የተቀመጡት። እግሮቻቸው ገጥመዋል፣ አንድ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ተደግፏል። ሲስቁ የሌላኛው እጃቸው መዳፍ ሆዳቸውን ከታች ይዟል። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ተመለከተች። ብርዱ እንደዚያ እየገባ፣ መስኮቱ አጠገብ ያሉት ወንበሮች ተጣብበው ተይዘዋል። መሀል ያሉት ባዶ ናቸው።

እንዲህ ያለ ሐፍረት ደርሶባት አያውቅም። የእስከዛሬው የገበና ሐፍረት ነበር፤ ሰው እንዳያይብኝ የሚባል ዓይነት። ይኼኛው ሌላ ነው። እነዚህ ሴቶች አፋቸውን ሊከፍቱ ወደ እሷ መጥተው፣ ውስጡ ወገብ የሚል ቃል አስገብታ መልሳ የዘጋችባቸው እሷ ናት። የማህፀን ሐኪሟ ሻንጣ እየሸከፈች ያለችውም በዚሁ ነው። ይህን ሁሉ ያደረገችው ማንም እንዳያፍር ብላ አልነበረም። እሷ እንዳታፍር ብላ ነው።

«ምነው ዝም አልሽ ሄራንዬ? አንቺ በይው፣ እኛ እንከተልሻለን» አሉ እማማ ኢክራም።

ሄራን ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። ዓይኗን ከኋላው ግድግዳ ላይ ተከለች።

«ማህፀኔ ወጥቷል» አለች።

ከኋላ አንዲት ወጣት ባለትዳር ፈገግ ልትል ጀምራ ተወችው። ልማድ ግን ልማድ ነው፤ በዚያ ክፍል መምህርት ያለችው ይደገማል። መጀመሪያ የደገሙት እማማ ኢክራም ናቸው፤ ድምፃቸው ተሰነጣጠቀ። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት ሴት፣ ከዚያ ሁሉም።

«ማህፀኔ ወጥቷል።»

«ሽንት አልቋጥር ብሎኛል።»

«ሽንት አልቋጥር ብሎኛል።»

«ከባሌ አልጋ ወጥቻለሁ። ምክንያቱን አልነገርኩትም።»

እዚህ ላይ አንዳንዶቹ መድገም አልቻሉም። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ትንሰቀሰቅ ጀመር፣ ያቺ ፈገግ ልትል የነበረችው ወጣት ናት። ሄራን ከአንገቷ እስከ ግንባሯ እንደ ትኩሳት ይፋጃት ነበር። መሬት ብትከፈት ትገባ ነበር። መሬቷ ግን የአዳራሹ ሲሚንቶ ናት።

«ይኼኛው ለየትኛው በር ነው?» አለች ከመስኮቱ አጠገብ አንዲት ሴት፣ በቀስታ።

«ለሁሉም በር ነው» አለች ሄራን።

እማማ ኢክራም እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። «ይኼን እኔ መማር የነበረብኝ የበኩር ልጄን የወለድኩ ለታ ነው» አሉ። «ልጄ ዛሬ አያት ሆኗል። ሰውዬው፣ አላህ ይማረውና፣ ሳይነካኝ ሞተ። ጠላችኝ ብሎ ነው የሞተው። እኔ ደግሞ ወገቤን እለው ነበር።» ወደ ሄራን ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ እውነት ነው አይደል የተናገርሽው? ምሳሌ አይደለም።»

«እውነት ነው እማማ።»

«አውቄያለሁ። ምሳሌ እንዲህ በላብ አያጠምቅም። በይ ተነሽ፣ መስኮቱ ሳይዘጋ።»

መስኮቱ አዳራሹ መሀል ነው። ጳጉሜን ሲያልቅ እንደሚሆነው ሁሉ ሰው ተጨናንቋል፤ በዚህ በኩል የጃፓንን በር የሚያማ፣ በዚያ የእንግሊዝን ወረፋ የሚረግም፣ ወንዱ ሁሉ አግዳሚ ወንበር ላይ። ሄራን ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላዋ ተሰልፈው ሲገቡ ወሬው ረገብ አለ። ናሆም ከአግዳሚው ተነሳ። በሩን አብረው ሊመርጡ እዚያ ሊገናኙ ተቃጥረው ነበር፤ የእድሩን ኮት ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ መጥቷል።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰልፍ? ሁሉም ወገባቸውን ነው?» አላት ፈገግ ብሎ።

«ናሆም» አለች፣ ዓይኑን ሳታይ። «ወገቤን አይደለም።»

«ማለት?»

«ወገቤን አሞኝ አያውቅም። መስኮቱ ላይ ስናገር ትሰማዋለህ። ሁለት ጊዜ መናገር አልችልም።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ፤ የሚያነሳበት ጠፋው። አልጠየቃትም። ከጎኗ መጥቶ ቆመ። ያኔ እንዲሄድላት ፈለገች፣ እንዳይሄድም ፈለገች። ዝቅ ያለ፣ ለስላሳ፣ ግን አዳራሹ ሁሉ የሚሰማው የመስኮቱ ድምፅ «እንዴት ነዎት?» አላት።

ምላሷ በልማዱ ወደ «ደህና» ሄደ። ያዘችው።

«ደህና አይደለሁም» አለች። «ማህፀኔ ወጥቷል። ሁለት ዓመቱ ነው። በእጄ እየመለስኩ ነው የምኖረው። ሽንቴን አልቋጥርም። ባሌን ወገቤን ነው እያልኩ ዋሽቼዋለሁ።»

ከአግዳሚው ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገ። ናሆም አንገቱን ደፋ። በሁለት ዓመት ውስጥ የሞላው የሞቀ ውሃ፣ ያሰናዳው መደገፊያ፣ ያስቀየምኩሽ ነገር አለ ወይ ብሎ የጠየቀው ሁሉ ፊቱ ላይ ሲያልፍ ታየ። እሱም አፍሯል። ሚስቱን ሁለት ዓመት ሙሉ ጠይቋታል፤ አንድ ቀን ግን አይቷት አያውቅም።

«ሰማሁ» አለ በመጨረሻ፣ ለእሷ ብቻ። ከጎኗም አልሄደም።

«ተመዝግቧል» አለ መስኮቱ። «ይህ ሕመም በከተማችን ተመዝግቦ አያውቅም። በደሴ የመጀመሪያዋ ነዎት። እንኳን አደረሰዎ።»

ሄራን ዞር አለች። ሴቶቹ ነጠላቸውንና ሻሻቸውን እስከ ዓይናቸው ጎትተው፣ አንገታቸውን ሰብረው ቆመዋል፤ ሰልፉ ከበሩ ውጭ ዝናቡ ድረስ ደርሷል። አንዷም አልሄደችም። እማማ ኢክራም እጃቸውን ሆዳቸው ላይ እንደያዙ፣ እንደ ሕፃን ልጅ እየተርበተበቱ ያዩዋታል። ሄራን ፊቷ እንደነደደ ክንዳቸውን ያዘችና ወደ ፊት አመጣቻቸው።

«የመጀመሪያዋ እኔ አይደለሁም» አለች ለመስኮቱ። «የመጀመሪያዋ እሳቸው ናቸው። የበኩር ልጃቸውን ከወለዱ ጀምሮ ነው። አሁን ጠይቋቸው።»